በወይራ ስለታጠኑት የወይራ ልጆች

ለተከበሩ ጓድ ታመነ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ጅማ

እርስዎ፣ ቤተሰብዎና በተለይም አዲሱ ቤትዎ እንደምን ሰነበታችሁ? ያቀረብኳቸው ማመልከቻዎች ጽሕፈት ቤትዎ ገብተው ስላልወጡ፣ ይህኛውን ሄርማታ ገበያ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ለድፍረቴ ይቅርታዎ አይለየኝ።

እንደሚያውቁት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ደዶ ላይ የነበረችው አሮጌ ወይራ ፍሬዋ ቢዘራ አልበቅል ስላለ፣ ከቡቃያዋ ጫፍ ጥቃቅን ቁራጭ እየወሰድኩ፣ ስኳርና ማዕድን ባለበት የረጋ ምግብ ላይ፣ በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ መሥሪያ ቤቴ ሳባዛ ቆይቻለሁ። ቲሹ ካልቸር የሚባለው ይኸው ነው። ችግኞቹ ሥር ማውጣት ጀምረው ነበር።

አንደኛ፣ ስኳር በራሽን በሚታደልበት ዘመን ስኳር ሸሽጋለች በሚል ጥርጣሬ ጠርሙሶቹን ስላስከፈቱልኝ አመሰግናለሁ። «አሻጥረኛ» የሚለውንም ማዕረግ ከእርስዎ ተቀብያለሁ፤ መሥሪያ ቤቴም በዚሁ ማዕረግ ከሥራ አግዶኛል።

ሁለተኛ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ቆሻሻ ከገባ ችግኙ ይሞታል ብዬ ብለምንዎ፣ «ንጽሕና ከሆነ የቸገራት፣ እንደ ወተት ቅል በወይራ ይታጠኑላት» ብለው አዘዙ። የመሥሪያ ቤታችን የጽዳት ሠራተኛ አደ ለጢፋም ትእዛዝ ነውና፣ ከደዶ መጣ በተባለ እንጨት እያዘኑ አጠኗቸው። የገዛ እናታቸውን ጭስ ጠጥተው ጠቆሩ። ተከትሎዎት የመጣው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን አለማወቅ ነው ብዬ አዘንኩልዎ።

ሦስተኛው እንቅልፍ ነስቶኛል። ለማጠኛ አንድ ክንድ እንጨት ይበቃል። በማግስቱ ደዶ ወጥቼ ባይ ግን ዛፏ ከነግንዷ የለችም፤ ጉቶዋም ደርቆ ሸረሪት አድርቶበታል። እንግዲህ የተቆረጠችው ከፍተሻው አስቀድሞ ነው ማለት ነው። የአዲሱ ቤትዎ በረንዳ ደግሞ በወይራ ምሰሶ መቆሙን አላፊ አግዳሚው ያደንቃል። ዛፏ የት ሄደች ብሎ የሚጠይቅ እንዳይኖር፣ ልጆቿን ማጥፋት አስፈልጎ ይሆን? መጠርጠርን ከእርስዎ ስለተማርኩ አይፍረዱብኝ።

ለምሰሶዎችዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎም ከሥራቸው ተረጋግቶ መቀመጥን እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ ነስቼ፣ ቀና ብዬም እያየሁዎ እሰናበታለሁ።

ፈድሊያ አባቦራ
የታገደች የዕፅዋት ባለሙያ
ታኅሣሥ ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ በስተግራ ባለው ምሰሶዎ ላይ፣ ከቀለሙ ሥር፣ ዛፏን ለመለየት እኔው በሚስማር የመታሁት ቆርቆሮ አለ። እባክዎ እንዳይነቅሉት። ከጭሱ ያመለጠች አንዲት ጠርሙስ አለች፤ ልጅቱ አድጋ እናቷን ስትጠይቅ፣ ሰፈሩን ሁሉ ይዤላት የምመጣው እዚያ ነው።