የአለኝታ ሸራ

አባዬ፣

ከተለየኸን ዛሬ ሠላሳ ስድስት ቀን ሆነ። አርባህ ሊወጣ አራት ቀን ቀርቶታል። የምጽፍልህ ሸራ ተራ፣ ሱቅህ ውስጥ፣ የስፌት መኪናህ ፊት ተቀምጬ ነው። ጭኔ ላይ የዕድሩ ድንኳን አለ፤ አንተ የሰፋኸው፣ በለቅሶህ ሁለተኛ ቀን የተቀደደው። ለአርባህ የሚተከለው እሱ ስለሆነ የዕድሩ ዳኛ በየቀኑ ብቅ እያሉ ደረሰ ወይ ይሉኛል። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። ክሩን መምረጥ አቃተኝ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት ብዬ አልዋሽህም። ሸሚዞችህን ለተቸገረ እንስጥ ስላት እሺ ትላለች፤ ከዚያ አጥባ፣ ተኩሳ፣ መልሳ ትሰቅላቸዋለች። ይህን ሦስት ጊዜ አድርጋለች። እዚህ ደግሞ ከፊት ለፊታችን ያሉት ሱቆች ፈርሰው በቆርቆሮ ታጥረዋል። የእኛ ተራ ይነካ አይነካ የሚያውቅ የለም፤ እኔም መጠየቅ ትቻለሁ።

አባዬ፣ በቀጭን ክር ስለምትተዋት ስለዚያች አንድ ክንድ ስፌት ላወራህ ነው የተቀመጥኩት። የጭነት መኪና ሸራም ይሁን የሱቅ ጥላ፣ ሌላውን ሁሉ በድርብ ናይለን ታጠብቅና መሃሉ ላይ አንድ ክንድ ያህል በቀጭን የጥጥ ክር፣ በነጠላ ስፌት ትተወው ነበር። ደንበኛ ተቀደደብኝ ብሎ ሲመጣ በነፃ ትሰፋለታለህ፤ ግን መልሰህ በዚያው በቀጭን ክር። ለምን እንደሆነ ስጠይቅህ ልማድ ነው ትለኛለህ። ጎረቤቶቻችን የሰውየው ዓይን ደከመ ማለት ሲጀምሩ አፈርኩ። ባለፈው ዓመት አንተ ለምሳ ስትወጣ እየጠበቅኩ ያቺን ክንድ በናይለን መደረብ ያዝኩ። አንድ ቀን በጣትህ ዳበስካት፣ ቀና ብለህ አየኸኝና ወደ ስፌትህ ተመለስክ። ምነው ያን ቀን ብትቆጣኝ ኖሮ።

የዕድሩን ድንኳን ግን አልነካሁትም ነበር። በለቅሶህ ሁለተኛ ቀን ከሰዓት በኋላ ከእህል በረንዳ በኩል ነፋስና ዝናብ ተነሳ። ድንኳኑ ልክ ያቺን ክንድ ይዞ ተተረተረና ውሃው ለቀስተኛው ላይ ወረደ። ምሰሶዎቹ አልወደቁም፣ ሰውም አልተጎዳም፤ እኔ ግን በአንተ አፍሬ ፊቴን በነጠላ ሸፈንኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ያኔ ነው አንድ ሽማግሌ ከነሻንጣቸው የገቡት። ጋሽ ይርጋ ይባላሉ፣ ከጎርጎራ ነው የመጡት። መታመምህን ሰምተው ሊጠይቁህ ቢሳፈሩ ድንኳን ተተክሎ ደረሱ። ቅዳጁን አንጋጠው አይተው ማን ነው የሰፋው አሉኝ። እሱ ራሱ ስላቸው እርጥቡ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ስለ አለኝታ የሰማሁት ከሳቸው ነው። እኔ የማውቀው ታላቅ ወንድምህ አድማሱ ጣና ላይ ሰጥሞ መሞቱን ብቻ ነበር። አለኝታ የምትባል ባለ ሸራ የእንጨት ጀልባ እንደነበረችው፣ ዋንዛ እየፈለጠ ሁለት ዓመት ለፍቶ እንደሠራት፣ እህልና ማገዶ ከዳር ወደ ዳር እንደሚያመላልስባት አላውቅም ነበር። የሐይቁ ሰዎች ሸራ ሲሰፉ መሃሉን አንድ ክንድ በቀጭን ክር እንደሚተዉትም አላውቅም ነበር። ነፋሱ ሲበረታ ያቺ ክንድ ቀድማ ትቀደዳለች፣ ነፋሱ በዚያ ያመልጣል፣ ጀልባዋም ሳትገለበጥ ትተርፋለች አሉኝ።

አንተ ያኔ ሸራ ተራ ከገባህ ዓመት አልሞላህም ነበር። አዲስ ሙያ ይዘህ፣ ለወንድምህ ዓይቶት የማያውቅ ሸራ ልትልክለት ፈለግህ። ከዳር እስከ ዳር በድርብ ናይለን ሰፍተህ አውቶቡስ ላይ አስጫንክለት። ነፋሱ የመጣው ቀትር ካለፈ በኋላ ነው። ሸራህ አልተቀደደም። አለኝታ ከነጭነቷ ተገለበጠች፤ አብረውት የተሳፈሩት ጋሽ ይርጋ ባዶ ጀሪካን አቅፈው ወጡ፣ አድማሱን ሸራው ከሥሩ አስቀረው። ከጀልባዋ አንድ እንጨት እንኳ አልተገኘም።

ወሬው ሲደርስህ ምክንያቱ ገብቶሃል። ወንድሜ የስፌቱን ነገር ሳያውቅ ገደልኩት ብለህ ዕድሜህን ሙሉ ዝም አልክ፤ ወደ ሐይቁም ተመልሰህ አልሄድክም።

ጋሽ ይርጋ ሊነግሩህ የመጡት ግን ሌላ ነበር። አድማሱ አይቶታል፣ አባዬ። ሸራውን ገና ከጥቅሉ ሲፈታው ቀጭኗ ክንድ እንደሌለችበት አይቷል። ጋሽ ይርጋ መሃሉን ልተርትረውና በቀጭን ክር ልስፋው ቢሉት ሳቀ፤ የወንድሜን እጅ አልተረትርም አለ። በሟች ላይ ጥፋት መጣል ሆኖባቸው ይህን ለማንም ሳይናገሩ ኖሩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ የኔ ነገር እያሉ ደረታቸውን መቱ። በሁለት ቀን አመለጥካቸው።

እኔ እንግዲህ ምን ላድርግ? ይህን ብትሰማ ይቀልልህ ነበር ወይስ ይብስብህ ነበር? አላውቅም። የምጠይቀው ሰው አንተ ብቻ ነህ። እሱ ስለሚወድህ እጅህን አልተረትርም ብሎ ሞተ፤ እኔ ደግሞ የምወድህ ልጅህ እየተደበቅኩ በእጅህ ላይ ደረብኩበት። የደረብኳቸው ሸራዎች ዛሬ በየትኛው መንገድ፣ በየትኛው መኪና ላይ እንዳሉ አላውቅም። ሰብስቤ ልተረትራቸው አልችልም።

የምችለው ይቺን ብቻ ነው። አሁን የጥጡን ክር መርፌው ውስጥ አስገብቻለሁ። እጄ እስካለ ድረስ በምሰፋው ሸራ ሁሉ መሃሉ ጋ ስደርስ ቆም ብዬ አንተንና አድማሱን አስባለሁ፣ ከዚያ ያቺን ክንድ በነጠላ ስፌት አልፋታለሁ። ለዳኛውም ነገ ደርሷል እላቸዋለሁ። ለአርባህ ነፋስና ዝናብ ከመጣ እንረጥባለን።

ልጅህ ሰናይት