ጋሽ ይሰማል የጠገኑት ማጉያ ሠርቷል

ሠርቷል! አሮጌው ባለ ቱቦ የሬዲዮ ማጉያችን ትናንት ከቀትር በኋላ ተነሥቷል፤ ባሕር ማዶ ያለ አንድ የማናውቀው ሰውም «ጥርት ብሎ ይሰማል» ሲል መልሶልናል። ሰላምታ ሳናስቀድም ደስታችንን ስለዘረገፍነው ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ልንይዘው አልቻልንም።

የቀረው ግን የሚከብድ ነው። ማጉያውን ከሞት ያስነሡት የማኅበራችን የቴክኒክ ኃላፊ፣ ሁላችን «ጋሽ ይሰማል» የምንላቸው፣ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት በልብ ሕመም ከዚህ ዓለም ተለይተውናል። የሬዲዮ አማተሮች ማኅበር ጽሕፈት ቤትና አባላቱ በእጅጉ አዝነናል።

ጋሽ ይሰማል በሙያቸው የሊፍት ጠጋኝ ነበሩ። ማይክሮፎን ሲይዙ ከሁሉ አስቀድመው «ይሰማል? ይሰማል?» ስለሚሉ ይህ ስም ወጣላቸው፤ እሳቸውም ወደዱት።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ በትርፍ ጊዜያችን በሬዲዮ ከሩቅ ሰዎች ጋር የምንነጋገርበትን ማኅበራችንን ተቀላቅለው፣ ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ ባለችው ክፍላችን ጣሪያ ላይ አንቴናውን በገዛ እጃቸው ተከሉ። እስከ ዛሬ ነፋስ አልጣለውም።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ለአዳዲስ አባላት ትምህርት ጀመሩ። የኤሌክትሪክ ሣጥን ሲነካኩ ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ይከቱ ስለነበር ኩራት መስሎን አምተናቸዋል። ለካ ሁለት እጅ ከነካ ኤሌክትሪኩ በልብ በኩል ይሻገራል።

ከሦስት ዓመት በፊት ሥራ አመራሩ ማጉያውን ለብረት ለቃሚ ሊሰጥ ወሰነ። የሬዲዮን ድምፅ አበርትቶ ሩቅ የሚያደርስ፣ አራት የመስታወት ቱቦ ያለው፣ አንድ ሰው ብቻውን የማያነሣው ሣጥን ነው። እሳቸው «የተኛ ሰው ትቀብራላችሁ እንዴ?» ብለው አስጣሉት፤ ጥገናውንም ያዙ።

አሁን ወደ ጥፋታችን እንምጣ። የአሠራራቸው ምሰሶ አንዲት ተራ የቤት አምፖል ነበረች። ለዓመታት የተኛ ማጉያ በቀጥታ ግድግዳ ላይ አይሰካም፤ ኤሌክትሪኩ መጀመሪያ በአምፖሏ በኩል ያልፋል። ውስጡ ጉዳት ካለ አምፖሏ ደምቃ ትቀራለች፤ ደህና ከሆነ ቦግ ብላ ትደበዝዛለች። «እሷ ደምቃ ከቀረች እኛ ጨለምን» ይሉ ነበር።

ዐምና እህታቸውን ሊጠይቁ በሄዱበት ሳምንት ክፍሉን ስናጸዳ፣ አምፖሏ የጠረጴዛ መብራት መስላን ነቅለን መስኮት ላይ አኖርናት። «እስቲ እንየው» ብለንም ማጉያውን ግድግዳ ላይ ሰካነው። መጋረጃውን ሁለቴ ብናጥበው ጢሱ አልለቀቀም። «እኛ» የምንለው እንኳ ለወጉ ነው፤ የሰካችው ይህን መግለጫ የምትጽፈው ጸሐፊ ናት፤ ሌሎቹ ቆመው አዩ። ሲመለሱ «መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው መሰል ያቃጠለው» አልናቸው። መጋረጃውን አየት አድርገው፣ «መብራት ክፉ ነው» ብቻ አሉ።

የተቃጠለውን ትራንስፎርመር ሽቦ ፈትተው፣ ዙሩን አንድ በአንድ እየቆጠሩ እንደገና ለመጠምጠም ስምንት ወር ፈጀባቸው። በዚያ ሁሉ ጊዜ እውነቱን ነገ እንነግራቸዋለን እንል ነበር። ነገ ሳይመጣ ማክሰኞ መጣ።

ትናንት ባለቤታቸው ባሉበት ሣጥኑን ስንከፍት ከክዳኑ ሥር የተለጠፈ ወረቀት አገኘን። በእርሳስ እንዲህ ይላል፦ «አልቋል። ጸሐፊዋ ትሰካው፤ ግን በአምፖሏ በኩል። ደግሞ መብራት ሄዶ እንዳይመጣባት።»

ባለቤታቸው እያለቀሱም እየሣቁም፣ «የዚያኑ ቀን ነግሮኛል እኮ! ከተሰቀለ ውኃ ያልነካው መጋረጃ ታጥቦ ሳይ ገባኝ አለኝ» አሉን።

ጸሐፊዋ ሰካችው። አምፖሏ ቦግ አለች፤ ቀስ ብላም ደበዘዘች። ከዚህ በኋላ ነው ማጉያው ከግድግዳው የተሰካው፤ አራቱ ቱቦዎችም እንደ ፍም ቀሉ።

ይቅርታችንን በቁማቸው ሳንጠይቅ መቅረታችን ሲያንገበግበን ይኖራል። ለባለቤታቸው፣ ለሁለቱ ሴት ልጆቻቸውና ለሊፍት ጥገና ባልደረቦቻቸው፣ እሳቸው ለተሰበረ ነገር የነበራቸውን ዓይነት ትዕግሥት ለልባችሁ ይስጣችሁ እንላለን።

ባለቤታቸው «ለቅሶው ይበቃል፤ ሥራውን አስመርቁለት» ብለዋል። ማይክሮፎኑን ይዘው «ይሰማል?» የሚሉትም ራሳቸው ባለቤታቸው ናቸው። በአንድ ድምፅ «ይሰማል!» ብለን እንድንመልስ፣ አባል የሆናችሁም ያልሆናችሁም በክፍላችን ተገኙ። መቅረት የለም፤ የፊታችን ቅዳሜ፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት።