የሊቀመንበሩ ጥርስና የወንድሜ ዝውውር

ለተከበሩ አቶ ወልደአረጋይ
የሊቀመንበሩን የሕይወት ታሪክ ላስጻፈው ኮሚቴ ሰብሳቢ
ደብረ ብርሃን

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ከነቤተሰብዎ በፍጹም ጤንነት እንዲያገኝዎት፣ የደብረ ብርሃን ውርጭም ጉልበትዎን እንዲምርልዎት እመኛለሁ። መጽሐፉን ለየትምህርት ቤቱ በነጻ ስላደሉ፣ የታሪክ አስተማሪ እንደመሆኔ ከሽፋን እስከ ሽፋን አንብቤ ላመሰግንዎት ተገድጃለሁ።

፩ኛ፦ የሊቀመንበሩ የጥርስ ሕመም ሙሉ ምዕራፍ ማግኘቱ ተገቢ ነው። አገር ሲያስጨንቅ የኖረ ሰው በመንጋጋው ሲጨነቅ ማንበብ ለተማሪዎቼ የርኅራኄ ትምህርት ይሆናቸዋል።

፪ኛ፦ ሊቀመንበሩ አንኮበርን ሲጎበኙ «ከሙቀቱ የተነሳ ካፖርታቸውን አወለቁ» ተብሏል። አንኮበር ተወልጄ ያደግሁ ስሆን ይህን ሙቀት እስካሁን አልታደልኩም። ምናልባት ሲመለሱ ይዘውት ሄደው ይሆናል።

፫ኛ፦ በአውራጃችን ስለጠፉት ወጣቶች የተጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «ለጸጥታ ሲባል ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውረዋል» ይላል። ታላቅ ወንድሜ ዘሥላሴ ከእነዚህ አንዱ ነው። ሲወስዱት ልጅ ነበርኩ፤ ጫማውን እስኪያስር እንኳ አልጠበቁትም። እንደሚያውቁት በአገራችን ሰው ሲሞት ጎረቤትና ሽማግሌ ማልዶ ደጅ ቆሞ መርዶ ይናገራል። የእኛን ደጅ ግን የረገጠ የለም፤ ያወቀም ፈራ። እናቴ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ «ሰው መጥቶ ሳያረዳኝ ልጄን ሞተ ብዬ አላለቅስም፤ በቁሙ ልቅበረው እንዴ!» ብላ ፍትሐቱንም ተዝካሩንም እንደከለከለች አለች።

ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን ያስጻፉት እርስዎ ስለሆኑ፣ ከሽማግሌዎች ጋር አንኮበር ድረስ መጥተው መርዶውን እንዲነግሩልኝ፣ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ለምኜዎት ነበር። ኮሚቴው ሐዘን እንደማይመለከተው ገልጸው፣ እስከ ሁለተኛው እትም እንድታገሥ መከሩኝ። እናቴ ዘጠና ሊሞላት ጥቂት የቀራት ስለሆነ፣ ምክርዎ ለወጣት ይሻል ነበር።

አንዳች ነገር ይታረማል ብዬ አልጠብቅም። የጻፍኩት ስሕተት አይቶ ዝም ማለት ስለማይሆንልኝ ብቻ ነው።

ከሙታን በሚጠብቁት ጨዋ ርቀት ዘወትር የምደነቅ፣ ታዛዥ አንባቢዎ
ገብረመንፈስቅዱስ ባየው
አንኮበር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው እናቴ ዐረፈች። በወጋችን ልጆቿ ሁሉ መርዶዋን መስማት አለባቸውና፣ ዘሥላሴ የተዛወረበትን ስፍራ በቸርነትዎ ይጠቁሙኝ፤ ሽማግሌዎቹን ይዤ እኔው ማልጄ እሄዳለሁ።