መቋሚያው ላይ ያረፈው የውሃ ተርብ

ጥቅምት 9 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ላሊበላ

ዛሬስ ለጥቂት ተረፍኩ። ነአኩቶ ለአብ ገዳም፣ ከጠበሉ በታች ውሃ ባቆረበት ቦታ፣ በደረቴ ተኝቼ የውሃ ተርብ ፎቶ ሳነሳ አንድ መነኩሴ ደረሱብኝ። ለካ ከላይ ሴቶች ይጠመቃሉ፤ ካሜራዬም ወደ እነሱ ዞሯል! እኔ እቴ፣ ከተርቡ ሌላ መች አየሁ።

«ምንድን ነው የምታነሳው?» አሉኝ ተቆጥተው።

ያነሳሁትን ሁሉ አሳየኋቸው። ክንፍ፣ ጅራት፣ አሁንም ክንፍ። አባ ሳቃቸው መጣ።

«ስሙስ ማነው?»

«እሱን አጥቼ ነው አባቴ። የሚለየው በክንፉ ሥር ባለው ቀለም ነው፤ አርፎ አላሳይ አለኝ።»

ይህን ስንል አንዱ ተርብ መጥቶ መቋሚያቸው ላይ ቁጭ አለ። አባ ድርቅ ብለው ቆሙ። እኔ ስጣደፍ ፎቶው ደበዘዘብኝ።

«ተረጋጋ ልጄ» አሉኝ በሹክሹክታ፤ «እኔ እንደሆንኩ መቆም ልማዴ ነው።»