ለማሽኑ የሠራሽው ዳንቴል

ይድረስ እናትም እህትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለእታለም ዘነቡ፤ መሐል ሜዳ።

እታለም፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን ልጠይቅ። ያ ብርድ ሲነካው የሚቆረጥምሽ ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ዓይንሽስ? መነጽሩን ታደርጊዋለሽ ወይስ አሁንም ለሰርግ ይሆነኛል ብለሽ ሣጥን ውስጥ ቆልፈሽበታል? ባለቤትሽ ጋሽ እንግዳ ደህና ናቸው? ከብቱ፣ ጓሮው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ነው? ዘንድሮ የእናንተ አገር ብርድ በረታ ሲሉ ሰምቼ ሐሳብ ገብቶኛል። እኔ በጸሎትሽ አካሌ ደህና ነው። ልቤ ግን ደህና አይደለም፤ የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው።

በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ነበር። ገና ሰላም ሳንባባል የማሽኑ ልብስ እንዴት ሆነ ትይኛለሽ፤ እኔም ሰው ሁሉ ያደንቀዋል እልና ወሬ እቀይራለሁ። ውሸቴን ነው እታለም። ባለፈው ሰሞን ደግሞ ውዳሴ፣ እማዬ ለክረምት መቀየሪያ ብላ ሁለተኛውን ጀምራለች ስትለኝ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ውዳሴ፣ ይህን ለእናትሽ የምታነቢላት አንቺ ነሽና እንዳለ አንብቢላት። ለአጎቴ አዘንኩ ብለሽ አንዲት መስመር እንዳትዘዪ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ያለ አንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ተላላኪ መሆኔን ታውቂያለሽ። ባለቤቱ ዶክተር ክብረት፣ ሕፃናት ወረፋ ሲጠብቁ እንዳይፈሩ ብለው፣ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ትልቅ የመስታወት የዓሣ ገንዳ አሠርተዋል። ዓሦቹ የባሕር ናቸው፤ ውሃቸው ጨው አለው፤ ሙቀት ከበዛባቸው ይሞታሉ። ከላይ መብራቱ፣ ከጎን የከሰዓት ፀሐይ ስለሚያሞቀው ውሃውን የሚያቀዘቅዝ ማሽን አለ፤ ቺለር ይሉታል። በአንድ ቱቦ ውሃውን ይስባል፣ እንደ ፍሪጅ ያቀዘቅዘውና በሌላ ቱቦ ይመልሰዋል። መጠኑ ያንቺን የልብስ ሣጥን ቢያክል ነው።

ይህን ማሽን መያዝ የእኔ ሥራ ነበር። አያያዙን ያስተማረኝ የገጠመው ቴክኒሺያን ሃምዛ ነው። መዝገቡ፣ ይሄ ዕቃ አፍንጫው ጎኑ ላይ ነው፣ እንዳታፍነው አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሶኬት እነቅለዋለሁ፣ የጎኑን ወንፊት አውጥቼ አጥባለሁ፣ ከወንፊቱ ኋላ እንደ ማበጠሪያ የተደረደሩትን ቀጫጭን ብረቶች በቀለም ቡሩሽ ቀስ አድርጌ አቧራቸውን አራግፋለሁ። በየሦስት ወሩ ደግሞ ቱቦዎቹን ከገንዳው ለይቼ አቼቶ የተቀላቀለበት ውሃ አዞርበታለሁ፤ ውስጡ የጋገረው ሁሉ እየተፈረፈረ ይወጣል። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ደጋግሜ አለቀልቀዋለሁ። በዙሪያው አንድ ስንዝር ባዶ ቦታ መተው አለበት፣ በላዩ ደግሞ ምንም ነገር አይቀመጥም። ይህችን የመጨረሻዋን ሃምዛ ሁለት ጊዜ ነው የነገረኝ።

እኔም ኮራሁ። የጋሽ እንግዳን ሬዲዮ ለመንካት ፈቃድ እጠይቅ የነበርኩ ሰውዬ፣ የዶክተር ማሽን ተረክቤ ስደውልልሽ ድምፄ ራሱ ወፍሮ ነበር። አንቺ ግን የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ታዲያ ራቁቱን ነው የሚውለው አልሽኝ። እኛ ቤት ቴሌቪዥኑም፣ ሬዲዮውም፣ ብፌውም፣ የሶፋው ክንድ ሳይቀር ልብስ አለው። እውነትሽን ነው ብዬ ልኩን በስንዝር ለክቼ ነገርኩሽ። የለካሁት እኔ ነኝ እታለም፤ ይህን ያዢልኝ።

የላክሽው የጸሎተ ሐሙስ ዕለት ደረሰኝ። ነጭ ዳንቴል፣ መሐሉ ላይ ሁለት ጣዎስ፣ ጥልፉ ጎልቶ እንዲታይ ከሥሩ ቀይ ሳቲን ገጥመሽበት፣ ጠርዙ በስኳር ውሃ ደርቆ ቀጥ ብሎ። የዚያኑ ዕለት ሐኪም ቤቱ ለፋሲካ ሲዘጋ አለበስኩት። እስከ ታች ግጥም አለ። የሃምዛን ነገር ረስቼው ነበር ብል ደስ ባለኝ፤ አልረሳሁትም። ዳንቴል ቀዳዳ ነው፣ አየር ያስገባል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሳቲኑን አላሰብኩትም። ከምንም በላይ ግን በዓሉ አልፎ ሰው ሲገባ፣ ይህን የሠራችው እህቴ ናት ማለት አምሮኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ። በሩን ስከፍተው ክፍሉ ወብቋል። ማሽኑ ያቃስታል እንጂ አያቀዘቅዝም። ዘጠኙም ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። ዳንቴሉን ስነካው ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ይሞቃል። ያኔ ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ፤ ገፈፍኩት፣ አጣጠፍኩት፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለዶክተር የደወልኩት ከዚያ በኋላ ነው።

አብራን የምትሠራ አማከለች የምትባል የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ቤቷ ፉሪ ነው፤ ሁለት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። የቅዳም ሹር ዕለት ገብታ ወለሉን በበረኪና ያጠበችው፣ ዓሦቹንም ያበላችው እሷ ናት። ሰኞም ገና እንደገባች መጸዳጃ ቤቱን ማጠብ ጀምራ ነበር። ዶክተር መጥተው ገንዳውን አዩና ቅዳሜ ማን ነበር አሉ። እኔ ነበርኩ አለች። እጅሽን አሳዪኝ አሏት፤ ዘረጋችላቸው፤ አሸተቱት። የጽዳት ሠራተኛ እጅ ሌላ ምን ሊሸት ኖሯል? በረኪና ውሃው ውስጥ አስገብታለች ተብሎ በዚያው ዕለት ከሥራ ወጣች። እኔ ቦርሳዬን በትከሻዬ እንዳንጠለጠልኩ ቆሜ ነበር። ልትወጣ ስትል ወደ እኔ ዞራ፣ መዝገቡ፣ አንተ እንኳ ታውቀኛለህ አለችኝ። አንገቴን ነቀነቅኩላት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሃምዛ መጥቶ ማሽኑን ፈታው። ከቀጫጭኖቹ ብረቶች መሐል በፒንሳ አንድ ነገር መዘዘ፤ ቀይ የሳቲን ክር። መዳፉ ላይ አድርጎ አየው፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። ማሽኑ ታፍኖ ነው አለና ክሩን ኪሴ ውስጥ ከተተልኝ። ለዶክተር የምትነግረው አንተ ነህ አለኝ። እታለም፣ ያኔም አልነገርኩም። ይህን ሳትሰሚ እንድታዝኚልኝ አልፈልግም። ነገ እነግራለሁ እያልኩ ከሦስት ሳምንት በላይ ቆየሁ። እንጀራዬን ፈርቼ ነው፤ ያቺም ሴት እንጀራ እንደምትበላ እያወቅሁ።

ያንቺ ሁለተኛ ዳንቴል ነው ያባነነኝ። አንቺ ያን ደካማ ዓይንሽን እያሻሸሽ ለእኔ ውሸት ልብስ ልትሠሪለት ሆነ። ባለፈው ማክሰኞ የዶክተርን በር አንኳኩቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይጮኹብኛል ብዬ ነበር፤ አልጮኹም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና፣ ሂድና አምጣት አሉኝ።

ፉሪ ስደርስ ደጇ ላይ የሰው ልብስ ስታጥብ አገኘኋት። አሁን የምትተዳደረው በዚሁ ነው። ቆሜ ከሐሙስ እስከ ሰኞ የሆነውን አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። እሷ ልብሱን ትጨምቃለች። ስጨርስ እስቲ ልየው አለችኝ፤ ከቦርሳዬ ያወጣሁላትን ዳንቴል እጇን በቀሚሷ አደራርቃ ተቀበለችኝ። ለካ ቅዳሜ አይታው ኖሯል፤ ጣዎሶቹን ወድዳቸው የተጣመመውን ጫፉን አቃንታለት ነበር። ሰኞ ማሽኑን ባዶውን ስታየው ለእጥበት ወስጄው መስሏታል። እኔን መጠርጠር ጭራሽ አልመጣላትም። የሠራችው ሴት እጇ ይባረክ፣ እሷ ምንም አላጠፋችም፣ ሌላ ሳትጨርስ ጻፍላት አለችኝ። ተመለሺ ብዬ ስለምናት ግን፣ እጄን ያሸተቱበት ቤት ተመልሼ አልገባም አለች። በማግስቱ ዶክተር ራሳቸው ሄደው ይቅርታ ጠየቋት። ይቅር አለቻቸው፤ ለእኔም እንደዚያው። መመለሱን ግን አልተመለሰችም።

አሁን ማሽኑ ተጠግኖ ይሠራል፤ ገንዳው ግን ውሃ ብቻ ነው። ሕፃናት እየመጡ መስታወቱን ያንኳኳሉ፤ ዓሦቹ የት ሄዱ ይሉኛል። ከሥራ አልወጣሁም። በአማከለች ፈንታ ሰው እስኪገኝ ወለሉን እኔ ላጥበው ብዬ ራሴ ጠየቅኩ። ትናንት ቅዳሜ የማሽኑን አቧራ አራግፌ ስጨርስ መጠበቂያ ክፍሉን በበረኪና አጠብኩ። ይህን ስጽፍልሽ እጄ እስካሁን ይሸታል። እጅህን አሳየኝ ያለኝ ሰው ግን የለም።

እታለም፣ የጀመርሽውን አትተርትሪው፤ ለሬዲዮው አድርጊውና ጋሽ እንግዳ ይደሰቱበት። ለእሳቸው ጉልበታቸውን ስሜ ሰላም ብያለሁ በይልኝ። ለውዳሴ፣ ሳትዘይ ስላነበብሽ ተባረኪ። ለትንሹ ሚሳኤል፣ ስለ ዓሦቹ የጠየቅኸኝን ስመጣ ፊት ለፊት እነግርሃለሁ። ጎረቤቱን ሁሉ በስማቸው እየጠራሽ ሰላም በይልኝ።

ዳንቴሉን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ። ያን ዕለት አማከለች እጅ ላይ ትቼው ነበር የወጣሁት፤ ሐሙስ በሰው ላከችልኝ። ንጹሕ ሆኖ፣ ተተኩሶ፣ ጠርዙም ዳግመኛ በስኳር ውሃ ደርቆ ስታይው እኔ እንዳላጠብኩት ታውቂያለሽ።

ወንድምሽ መዝገቡ
ለቡ መብራት ኃይል፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.