አላውቃቸውም ላልኸኝ አበ ልጄ

ሰቆጣ፤ መጋቢት ፳፰ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ውድ አበ ልጄ ዘበነ፣

«ውድ» ማለቴ ለልማድ አይደለም። ልጅህን አመተ ማርያምን ክርስትና ያነሣሁ ሰው ነኝና ቃሉን ልፍቀው ብል ብዕሬ እንቢ አለኝ። የምጽፍልህ ግን ተከድቼ ነው።

በውኃ ተራ ጠብ የምትኩን ዓይን በዱላ ባጠፋህ ጊዜ፣ ዳኛው «ይህን ሰው ለቀጠሮው የሚያቀርብ ዋስ ማን ነው?» ሲሉ ከወንድሞችህ አንድ እንኳ አልተነሣም። እኔ ሳልጠራ ተነሣሁ። ከችሎቱ ስንወጣ አዛውንቱ ገብረ አምላክ፣ «መሪጌታ፣ ዱሮ ቢሆን የሁለታችሁን ኩታ ጫፍ ለጫፍ ቋጥረን በሰደድናችሁ! የዛሬው በወረቀት ነው፤ ወረቀት ደግሞ እግር አይዝም» ብለው ቀለዱ። ከሁሉ አብልጠህ የሳቅኸው አንተ ነበርህ። በሳምንቱ ጠፋህ።

ዳኛው እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ቀን ሰጡኝ፤ አንተን ካላቀረብሁ በፋንታህ ወኅኒ ልገባ። ሚስትህ እማዋይሽ በሶና ድርቆሽ ቋጥራ፣ «ያገኙት ይሆን፣ መሪጌታ?» አለችኝ። «አገኘዋለሁ» አልኋት። ውርደትህን ሌላ ሰው እንዳያይብህ ብዬ፣ እህል በማመላለስባት በአሮጌዋ ላንድሮቨር ብቻዬን ተነሣሁ።

እስከ ኮረም ድንጋዩ ሁለት ጎማ በላብኝ። ደሴ ላይ አንድ የአገራችን፣ የፃግብጂ ሰው «ዲላ ወርዶ ቡና ይጭናል» ብሎ ጠቆመኝ። በጣርማ በር ጉም ውስጥ ክላክስ እየነፋሁ ስሄድ ምክንያት እፈጥርልህ ነበር፤ ታሞ ይሆናል፣ ፈርቶ ይሆናል፣ ለፋሲካ ሊመለስ አስቦ ይሆናል። ሐሰት የምጸየፈው እኔ ለራሴ ሐሰት ስነግር ወሎና ሸዋ አለቁ። በዘጠነኛው ቀን ሲዳሞ፣ ዲላ ገባሁ።

ከቡናው መጋዘን ደጅ ቆመህ አገኘሁህ። የጫኞቹ አለቃ፣ «ተስፋው! እኒህ ሽማግሌ አንተን ነው መሰለኝ የሚያዩት» አለ። ስምህንም ለውጠህ ኖሯል።

«አላውቃቸውም» አልህ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ አቧራ የጠጡት ለማያውቃቸው ሰው ነው?» ቢል ጫኞቹ ሁሉ ሳቁ።

በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ «ልጅህ ደኅና ናት» አልሁህ። ዓይንህ ሰማኝ። ጆንያህን ተሸክመህ ወደ ውስጥ ገባህ።

ፖሊስ ጣቢያው ሁለት መቶ እርምጃ አይርቅም ነበር፤ አልሄድሁም። ይህን ደግነት ብለህ አትጥራው። ዋስ የሆንሁት በእግሩ ለሚመጣው ዘበነ ነው፤ ታስሮ የሚመጣውን ማንም ያመጣዋል።

ስመለስ እማዋይሽ ከደጅ ጠበቀችኝ። «አገኙት?» «አገኘሁት።» «ምን አለ?» አለችኝ። ለዚያ ጥያቄ መልስ የምትሰጣት አንተ ነህ።

እንግዲህ ስማኝ። ሚያዝያ ፳፮፣ ሰኞ፣ ዳኛው «የት ነው ያለው?» ሲሉኝ ከተማውንም መጋዘኑንም የሐሰት ስምህንም እነግራቸዋለሁ። ተይዘህ እስክትመጣ በቦታህ እታሰራለሁ፤ የምለብሰውን ጋቢ አሳጥቤአለሁ። ከዚያ ቀድመህ ብትመጣ ግን ከምትኩ ፊት ድንጋይ ተሸክመህ ስትወድቅ አጠገብህ እቆማለሁ፤ ስለ ዓይኑ ካሣም ከሽማግሎች ጋር ተቀምጬ እለምንልሃለሁ። ከዚህ ደብዳቤ እስከዚያች ሰኞ ያሉት ቀኖች ብቻ የአንተ ናቸው።

ፖስታው እንዲደርስህ ስል «ለአቶ ተስፋው» ብዬ ጽፌበታለሁ። በስድሳ ዓመቴ በእጄ የጻፍሁት ሐሰት ይህ ነው፤ እሱንም ያስጻፍኸኝ አንተ ነህ።

ሰላምታዬን በወረቀት አልልክልህም። ከችሎቱ ደጅ መጥተህ ውሰደው።

እስከዚያች ሰኞ ዋስህ፣
መሪጌታ ወልደ ኢየሱስ