ሰላምታው ካለቀ በኋላ

ልደታ፣ ጥር 1974

ውድ ኮከቤ፣

የጤና ረዳትነት ትምህርት ቤት ለመግባት ከመፈተኔ በፊት እዚህ የቀበሌ ክሊኒክ እየተለማመድኩ ነው። ዛሬ የአንድ ታካሚ፣ የአባባ ጃርሶን እጅ ይዤ የልብ ምታቸውን ስቆጥር፣ «እናትሽ ደህና ናት? የአርሲ አዝመራስ?» ይሉኛል። ሽማግሌ ጠይቆኝ እንዴት ዝም ልበል? እየመለስኩ ሦስቴ ቁጥሩ ጠፋኝ። የአዲስ አበባ ሰው ሰላምታ አያውቅም ያልሽኝ ውሸት ነው፤ ከእኛ ከአሰላዎቹ ይብሳል! ነርሷ ሲስተር ድንቅነሽ ሳቀችና «ፈርተው እኮ ነው፤ መጀመሪያ ሰላምታውን ጨርሺ» አለችኝ። እውነትም ስንጨዋወት ፍርሃታቸው ለቀቃቸው፤ ከዚያ ሳልሳሳት ቆጥሬ ጨረስኩ። ፈታኞቹ «ለምን ይህን ሙያ መረጥሽ?» ቢሉኝ አሁን መልስ አለኝ።

አባትሽ የልብ ሕመሙ ተሻላቸው? ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ስመለስ፣ ሰላምታችንን ጨርሰን እጃቸውን ይዤ ዝም ካልኩ፣ ንቄያቸው ሳይሆን እየቆጠርኩ ነው በያቸው።

ዙሃራሽ